ፍየሏ ከማን ተማረች?



ቦሌ ሚካኤል ለሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ እንደ ጎረቤት ዶሮ ጩኸት ነው። አይደነግጥበትም፤ ሰዓት ይለይበታል። እኔ ዘንድ የሚቀሩት ልጆች እንኳ ከበላያቸው ሲያልፍ ጣታቸውን በአያው ላይ እንዳሳረፉ ዝም ይላሉ፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ከእነዚህ አውሮፕላኖች አንዱ ባለፈው ክረምት እህቴንና የ11 ዓመት ልጇን ከአሜሪካ ይዞልን መጣ። እንደማንኛውም ተቀባይ ከተርሚናሉ ውጭ ካለው የመኪና ማቆሚያ ቆመን ጠበቅን። ሻንጣ የጫነ ጋሪ ብቅ ባለ ቁጥር "እሷ ናት!" "አይደለችም!" ስንባባል ቆይተን በመጨረሻ እውነትም እሷ ሆነች፤ የሆነውን ለቅሶና ሳቅ እርስዎም ያውቁታል።

እንግዳ ሲመጣ የምንጨነቀው ለእንግዳው ነው። ምን ይበላል? የት ይተኛል? ውሃው ይስማማው ይሆን? ዛሬ ግን ከወዲህ ማዶ ስላሉት ልጠይቅዎ። እንግዳው በሰነበተበት ሰፈር ያሉት ጎረቤቶች ምን ይሆናሉ? እርሱ ይሄዳል፤ እነርሱ ይቀራሉ። በአንደበታቸውና በልባቸው ምን ትቶባቸው ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ ትልቅ ኪታብ አይደለም፤ የልጆች ጨዋታ ነው። "ኡስታዙን ምን ነካው?" ሳይሉ ጥቂት ይታገሡኝ።

ጨዋታው ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራው "አኒማል ክሮሲንግ" ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ። ሐሳቡን ያመነጨው ካትሱያ ኤጉቺ ለሥራ ሲል ከቺባ ወደ ኪዮቶ ሲዛወር ቤተሰቡንና ጓደኞቹን ትቶ መሄዱ ያሳደረበት ናፍቆት መነሻ እንደሆነው ተናግሯል። እንግዲህ የአገር ልጅ የናፈቀው ሰው የሠራው ጨዋታ ነው ማለት ነው። ልጄ የምትጫወተው "ኒው ሆራይዘንስ" የተባለው ደግሞ ለገበያ የቀረበው መጋቢት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ ይበሉ፤ በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ከታወቀ ገና አንድ ሳምንት ነበር። ሰው የጎረቤቱን በር ማንኳኳት በፈራበት በዚያ ወቅት በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው በዚህ ጨዋታ ይዘያየሩ ጀመር።

ተኩስ የለበትም፤ ደም የለበትም። ልጁ አንዲት ትንሽ ደሴት ይሰጠዋል፤ አበባ ይተክላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ቤቱን ያሳምራል። እስከ 10 የሚደርሱ ጎረቤቶች ይኖሩታል፤ ሁሉም እንስሳት ናቸው። ፍየሉም ዳክዬውም ድመቱም ልብስ ለብሶ በሁለት እግሩ ይሄዳል፣ በየቤቱ ይኖራል። የሚያንቀሳቅሳቸው ሰው አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ነው። ሆኖም በስም ጠርተው ሰላም ይላሉ፣ ስጦታ ይሰጣሉ፣ ያኮርፋሉ። ብዙ ወር ጠፍተው ቢመለሱ መጥፋትዎን ያነሡብዎታል፤ ደሴቱንም አረም ወርሶት ያገኙታል። (ስንቱ ዘመዳችን እንዲህ ቢጠይቀን ምን እንመልስ ይሆን?)

ደሴቲቱ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አላት። ሠራተኞቹ ዶዶ የሚባሉ ወፎች ናቸው። ዶዶ መብረር የማይችል፣ በሞሪሸስ ደሴት ይኖር የነበረና ከምድር ከጠፋ ከ300 ዓመት በላይ የሆነው ወፍ ነው። የማይበር ወፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያስተዳድር! ቀልድ ያውቃሉ ሰዎቹ። ባለቤቱ በሩን ሲያስከፍት ሌላው ተጫዋች ከራሱ ደሴት በርሮ ይመጣል። ባለቤቱ የቅርብ ወዳጄ ብሎ ያልመዘገበው እንግዳ መጥረቢያና አካፋ መጠቀም አይችልም፤ ዛፍ ቆርጦ፣ መሬት ቆፍሮ እንዳያበላሽ ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ግን እንደልቡ ያወራል። እርሱ ከሄደ በኋላም ጎረቤቶቹ ስለ እርሱ ለባለቤቱ ያነሣሉ፤ እገሌ መጥቶ ነበር፣ አየሁት፣ አነጋገርኩት እያሉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እህቴ ባለፈው ዓመት ለ10 ዓመቷ ልጄ ይህን መሣሪያ በመንገደኛ ልካላት ስለነበር ልጄ የራሷ ደሴት አላት። የእህቴ ልጅ ደግሞ የራሱን ይዞ መጣ። ሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ከሆኑ ያለ ኢንተርኔትም ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ልጆቹ ሳሎን ካለው ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ይዘያየሩ ጀመር። ልጁ አማርኛ አይችልም፣ ልጄ እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤት ነው፤ ሆኖም ደሴቶቻቸው ላይ ይግባባሉ።

በመጀመሪያው ቀን እንግዳው ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው እንደወጣ በአበባዎቿ መካከል ሮጠ፤ ቅጠላቸው ረገፈ። ከዚያ በቢራቢሮ ማጥመጃው መረብ የዳክዬዋን ራስ ደጋግሞ መታ። ዳክዬዋ ተናደደች። ልጄ እኔ ውዱእ ወደማደርግበት እየሮጠች መጣች። "አባዬ፣ ዳክዬዬን መታት! ምንም አላደረገችውም!" ልጁም ተከትሏት መጣና በእንግሊዝኛ ተከራከረ፤ እውነተኛ አይደለችም፣ አያማትም አለ። ሁለቱም እንደ ቃዲ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ ቢሆኑ ለማን ይፈርዱ ነበር? ልጁ እውነቱን ነው። ዳክዬዋ ነፍስ የላትም፣ አይርባትም፣ አያማትም። በቂያማ ቀን ቀርባ የምትከሰው ነገር የለም። ድመት አስራ በረሃብ ስለገደለችው ሴት የተነገረውን አስፈሪ ሐዲስ እዚህ መጥቀስ አይቻልም፤ ያቺ ድመት ነፍስ ነበራት። ሆኖም ልጄም እውነቷን ነው። የተመታው አንድ ነገር አለ፤ ዳክዬዋ ግን አይደለችም።

በልጅነታቸው እመት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አሻንጉሊቶች እንደነበሯቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። አብረዋቸው ሊጫወቱ የሚመጡ ትናንሽ ልጃገረዶች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲገቡ አፍረው ሲሸሸጉ፣ እርሳቸው መልሰው ይልኩላቸው ነበር። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ደግሞ ከአሻንጉሊቶቹ መካከል ሁለት ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ መልሷንም ሰምተው ሳቁ። የኡሙ ሱለይም ትንሽ ልጅ የምትጫወትበት ወፍ ሞታበት ባዘነ ጊዜም እቤታቸው በእንግድነት ሲመጡ ስለዚያች ወፍ ጠየቁት። ስለ አሻንጉሊት ፈረስ፣ ስለ አንዲት ድንቢጥ የምታህል ወፍ! ከዚህ የሥዕልና የጨዋታ ፊቅህ ላወጣ አይደለም፤ እርሱን ለፉቀሃዎች እተዋለሁ። ሰላት የሚያስረሳ ጨዋታም በእኔ ቤት ቦታ የለውም። እኔን የገረመኝ ወደ ልጅ ዓለም የገባው ታላቅ እንግዳ በዚያ ዓለም ውስጥ ላለው ትንሽ ነገር የሰጠው ክብር ነው። ፈረሱ አልተከበረም፤ የተከበረችው ባለቤቷ ናት።

ስለዚህ ለልጁ "ዳክዬዋ አታማህም፤ ግን የአጎትህ ልጅ ጎረቤት ናት" አልኩት። እህቴ ተረጎመችለት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። ማታ ግን የረገፉትን አበባዎች ውሃ ሲያጠጣ አየሁት።

በዚያው ሰሞን ስለ ትልልቆቹ እንግዶችና ስለ እኛ ሰፈር አሰብኩ። በ2014 ዓ.ም. "ከዒድ እስከ ዒድ" በሚል ጥሪ በውጭ ያሉ ሙስሊም ወገኖቻችን ከሚያዝያ 24ቱ ዒድ አል-ፊጥር እስከ ሐምሌ 2ቱ ዒድ አል-አድሐ ባለው ጊዜ ወደ አገር ቤት እንዲመጡ ተጋብዘው ነበር። በሰፈራችን ከየቤቱ እንግዳ ነበር ማለት ይቻላል። ደስታውን የማይናገር ሐሰተኛ ነው። አባታቸውን ለ20 ዓመት ያላዩ አዩ፤ ዘካቸውን በእጃቸው የሰጡ አሉ። ሲመለሱ ግን የቡና ወሬያችን ተለወጠ። ቀድሞ ስለ እድር፣ ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ልጆች ቂርኣት ይወራበት የነበረው ረከቦት ዙሪያ "እዚህ ምን አለ?" የምትል ቃል ገባች። ማን እንዳመጣት አይታወቅም። አንዱ እንግዳ ያለ ክፋት "እንዴት ነው ይህን የምትችሉት?" ብሎ ይሆናል። የእኔ ደረሳ የነበረ፣ አሥራ አምስት ጁዝእ የሐፈዘ ወጣት ሱቁን ሸጦ ደላላ ፍለጋ ጀመረ። እናቱ እስከ ዛሬ ከእንግዶቹ ጋር ያስተዋወቁትን ቀን ይረግማሉ። እኔ እንግዶቹን አልኮንንም፤ ሰው ኑሮውን ማሻሻል መብቱ ነው። የምለው፣ ያቺ ቃል እነርሱ ከሄዱ በኋላ ከእኛ ጋር ቀርታለች።

በጨዋታውም ይኸው አለ። አንድ ጎረቤት ደሴቱን ለመልቀቅ ሲነሣ ዕቃውን በሳጥን አስሮ ቤቱ ይቀመጣል። በዚያ ቀን የመጣ እንግዳ፣ በራሱ ደሴት ባዶ ቦታ ካለው፣ "እኔ ጋ ና" ብሎ ሊወስደው ይችላል። ጨዋታው በወጣ ሰሞን ሬይመንድ የተባለ አንድ ድመት እጅግ ተፈልጎ ተጫዋቾች በጨዋታው ገንዘብ፣ አንዳንዶችም በእውነተኛ ዶላር ሲገዙትና ሲሸጡት ነበር። የሌለ ድመት የሚያሻሽጥ ደላላ! ቦሌ ያሉት ይህን ሳይሰሙ ቢቀሩ ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ሊመለስ ሦስት ቀን ሲቀረው ከእርሱ ደሴት አንዲት ፍየል ዕቃዋን አሰረች። በጣም የሚወዳት ነበረች። ለልጄ ሰጣት። ልጄ በርራ ሄዳ "እኔ ጋ ነይ" አለቻት፤ ፍየሏም በማግሥቱ መጥታ ቤቷን ያዘች። የልጁ ስጦታ ይህ ነበር፤ እናቱ ከገዛችልን ጫማ ሁሉ ልጄ እርሱን አስበለጠች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ጎረቤት በንግግሩ ማብቂያ የሚደጋግማት ቃል አለችው፤ አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ነገራቸውን ሁሉ "አይደል?" ብለው እንደሚዘጉት። ወዳጅነቱ ሲጠና ጎረቤቱ ራሱ አዲስ ቃል ይለምናል፤ የተሰጠውንም ይይዛል። ከሌሎቹ ጎረቤቶች ጋር ሲያወራ ቃሉ ይጋባል። ወደ ሌላ ደሴት ሲሄድም ይዞት ይሄዳል።

እንግዶቻችን በሄዱ በሳምንቱ ልጄ ለታናሽ ወንድሟ ከመሣሪያው ስታነብለት ሰማሁ። ፍየሏ "እንዴት አደርሽ፣ ደደብ" አለች። ቃሉ በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው፤ የመሣሪያው የስድብ ማጣሪያ የእኛን ቋንቋ ከየት ያውቃል? "ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ስትል?" አልኳት። ከመጣች ጀምሮ መሆኑን ነገረችኝ። ዳክዬዋም ትናንት ጀምራለች።

ተቆጣሁ። በእንግዳ ላይ መቆጣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃሉ፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ ግን ይቀላል። የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑንና እንግዳ ባለቤቱን ወንጀል ላይ እስኪጥለው ድረስ መቆየት እንደማይገባው ሙስሊም የዘገቡትን ለራሴ አስታወስኩ። እነሆ ልጁ ሄዶም አስቆጣኝ፣ ቤቴም ስድብ ተከለ አልኩ። ማታውኑ ለእህቴ ደወልኩ። ልጅሽን አደብ አላስተማርሽውም፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቃሉ ይህ ነው ወይ፣ አልኳት። ሌላም አልኩ።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ በዝግታ፣ "ወንድም ጋሼ፣ ያቺን ቃል እኮ እኔ ከአንተ ነው የተማርኳት" አለችኝ።

ደሴ፣ የአባታችን ቤት። እኔ 16 ዓመቴ ነው፤ ከቂርኣት ለዒድ ተመልሼ አዋቂ መስያለሁ። እሷ 8 ዓመቷ ነው። ሉሕ ይዛ ከፊቴ ተቀምጣለች፤ ሐ እና ኸ ይደባለቁባታል። በተደባለቁ ቁጥር የምላትን እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ አልረሳችም። "አሁን ልጄ የቤት ሥራው ሲሳሳትበት ሳላስበው ከአፌ ታመልጣለች" አለችኝ። "አንድ ቀን ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አፈርኩ። በጣም የሚቀርቡትን ሰው የሚጠሩበት ነው አልኩት።"

ያን ጊዜ ምን ልመልስ? ልጁ ለሚወዳት ፍየሉ ከእናቱ አገር የሚያውቃትን አንዲት የፍቅር ቃል አስተማራት፤ ከነቃሏ ለልጄ ሰጣት። እኔ የላክሁት ዕቃ ነው ዓለምን ዞሮ፣ በቦሌ በኩል ተመልሶ የገባልኝ።

እንግዲህ እንግዳ በጎረቤት አንደበት ላይ ምን ይተዋል ብዬ ስጀምር፣ ጥፋተኛውን ከአውሮፕላን ሲወርድ የምፈልገው ነበርሁ። ቃል ግን የት እንደተሳፈረ ማን ያያል? ፍየሏ ነፍስ የላትም፤ ስለዚህ ያስተማሯትን አትደብቅም፣ አታለሳልስም፣ እንዳለ ታሰማለች። የሰው ልጅ ግን እንደ እህቴ ዓመታት ይዞት ይኖርና፣ ላስተማረው ሰው ሻይ እየቀዳ፣ ጫማ እየገዛ፣ አንድም ቀን አያነሣበትም።

ከሐበሻ የሄደች ሌላ ቃልም አለች። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) ሰሐቦች ወደ ነጃሺ አገር ተሰደው በነበሩበት ዘመን በዚሁ ምድር የተወለደች ናት። ሕፃን ሳለች ወላጆቿ ይዘዋት ወደ መዲና ገቡ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዲት ጌጥ ያላት ትንሽ ጥቁር ልብስ በመጣች ጊዜ እሷን አስጠርተው በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ጌጡንም እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ "ሰናህ" አሏት፤ ውብ ነው ማለት ነው። ቡኻሪ ዘግበውታል። ጆሯችን ከ"ሠናይ" ጋር ያላትን ዝምድና ወዲያው ይሰማል። ከእንግድነት አገሯ ለተመለሰች ሕፃን፣ የተወለደችበትን አገር ቃል መርጠው መናገራቸው! እርሷም አድጋ ይህን ለሌሎች አወራች፤ ስለዚህም ደረሰን። እኔ ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። "አዩ፣ ቋንቋችን በረሱል አንደበት!" ብዬ እኮራበት ነበር። ቃል ለሕፃን እንዴት እንደሚሰጥ የሚያስተምር መሆኑን ግን ፍየሏ እስክትመጣ አላስተዋልኩትም።

በደሴቲቱ ላይ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጸሐፊዋ ውሻ ናት። ስለ ጎረቤት አነጋገር እዚያ ቢያመለክቱ ጎረቤቱ የተማረውን ትቶ ወደ ቀድሞ ቃሉ ይመለሳል። ለእህቴና ለእኔ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት የለንም፤ በስልክ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ "ተወው፣ የልጅነት ነው" አለችኝ፤ ከልቧ መሆኑን በስልክ መለየት ይከብዳል። ልጄን ግን "ሂጂና አመልክቺ፤ ይጥፋ" አልኳት።

እምቢ አለች። "እሱ እኮ ስድብ መሆኑን አያውቅም፤ ፍየሏ ቃሉን ከተወች የሰጠኝን የጣልኩበት ይመስለዋል" አለችኝ። መጀመሪያ እናቱ ትንገረው፤ ከዚያ እሱ ራሱ ሌላ ቃል ይምረጥላት፤ እስከዚያ አልነካም አለች። የዳክዬዋን ብቻ አመልክታ አስተወቻት። እህቴም እነግረዋለሁ ብላለች። ይህን ካለች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ፍየሏ ዛሬም ጠዋት ያችኑ ቃል ብላለች።